ጾመኛው ውሃ

ሃይደልበርግ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩነሽ፣ ጎንደር ቁስቋም።

ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር የጎደለብኝ የለም። እዚህ ቅጠሉ ሁሉ ረግፏል፤ ሰዉም ዝምተኛ ነው። በእርስዎ ቤት ጨዋታ ያደገ ሰው እዚህ አገር ጆሮው ሥራ ይፈታል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ የማስቸግርዎ ነገር አለ። ከአይከል ወዲያ፣ እህትዎ ታየች ካለችበት መንደር፣ መንግሥት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈሩን ያውቃሉ። የቁፋሮው መሐንዲስ ሐዲስ ነው፤ ተማሪ ሳለን ከእኔ ጋር በእርስዎ ቤት ሲበላ ሲጠጣ የነበረው፣ ያ ቁመተ ረጅሙ። ባለፈው ክረምት በመንደሩ የሆድ በሽታ ሲገባ ሰው «የጨረሰን ይኼ አዲስ ውሃ ነው» አለ። ሐዲስ ፓምፑን ቆልፎ ለእኔ ጻፈልኝ። ውሃው እውነት ከጥልቁ ምድር የመጣ ነው ወይስ ከላይ የሜዳው ጎርፍና የከብቱ ፍግ እየሰረገ ይገባበታል? ይህን የሚለይ መሣሪያ በአገር ቤት የለም፤ እኔ ደግሞ የምማረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ወደ ምድር ሲገባ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ፍጉን እያጠበ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የሚቀር፣ ዓይን የማያየው ነገር አለ፤ እኛ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን እንለዋለን። ሕይወት ከነበረው ነገር የተረፈ ከሰል ይበሉት። ውሃው ከዓለት ሥር ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ግን ረቂቅ ተሐዋስያን ያን ስንቅ በልተው ይጨርሱታል። ስለዚህ የጥልቅ ውሃ ጾመኛ ነው፤ በሆዱ ምንም አይገኝ። ብዙ ካርቦን ከተገኘበት ከላይ ቆሻሻ እየገባው ነው ማለት ነውና ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይደፈናል።

ወደ ጎንደር በሚመለስ ልጅ እጅ ባዶ የመስታወት ጠርሙስ ልኬልዎታለሁ። ታጥቧል። ለኅዳር ሚካኤል ወደ ታየች ሲሄዱ ሐዲስ ከጉድጓዱ ይሙላልዎና በአውሮፕላን ፖስታ ይላኩልኝ። የመንደሩ ውሃ ዕጣ በዚህ ጠርሙስ ላይ ነው ያለው።

የደብረ ፀሐይ እመቤት ከቤትዎ አትራቅ።

ልጅዎ ስማቸው


ጎንደር ቁስቋም፣ ኅዳር 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ቅጠል በረገፈበት አገር ለምትኖረው ለልጄ ለስማቸው።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ተወው፣ እሱ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ ቆይቷል። ገና ሰላምታህን ሳነብ ነገር እንዳለህ አውቄያለሁ። ልጅ ሆነህም እግሬን ላጥብሽ ያልኸኝ ቀን አዲስ ሱሪ እንደምትፈልግ አውቅ ነበር። የእናትህ የአክስት ልጅ ነኝ ብዬ እንጂ ያሳደግሁህ፣ ለሥጋ ዝምድናውማ ሩቅ ነን፤ አመልህን ግን ከእናትህ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ውሃ ይጾማል ማለትህን ለጠላ ጠጪዎቼ ብነግራቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «እኛ እንኳ ያልቻልነውን!» አለ።

ታየች ዘንድ ሄድሁ። ልቤ አዘነ፣ ስሜ። ታናሼ ናት፤ ላያት ሰው ግን እናቴ ትመስለዋለች። ወገቧ ጎብጧል። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ወንዝ ትወርዳለች፤ እንስራዋን አዝላ አቀበቱን ስትወጣ ፀሐይ ግንባሯን ይበላታል። ለጥቂት ጊዜ ከደጇ ቀድታ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው መስላ ነበር አሉ። አሁን የተቆለፈውን ፓምፕ እያየች አልፋ ወንዝ ትወርዳለች። ክፉ ነገር ነው፤ ያላዩት ይሻላል።

ሐዲስ ቁልፉን ከፈተልኝ። ቧንቧው አጓራ አጓራና ውሃውን ተፋው። ሸጋ ውሃ ነው! ለብ ያለ ነው፤ እጄን ብሰድበት ከላም ጡት የወጣ መሰለኝ። ጠርሙስህንም እንደ ሙያዬ አሰናድቼ አስሞልቼዋለሁ፤ በጥሩነሽ እጅ ያለፈ ዕቃ አያሳፍርም።

በል አሁን ቶሎ ለካና ይከፈትላት። አንተስ መቼ ነው የምትመጣው? የብርዱ አገር ወይዘሮ እንዳታመጣብኝ፤ ካመጣህም ጠላ የምትወድ ትሁን።

እናት የሆንሁህ ጥሩነሽ


ሃይደልበርግ፣ ጥር 18 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩነሽ።

በዓሉን በሰላም ዋሉ? ጥምቀትን ቀሐ ወንዝ ሲወርዱ አሰብሁዎ፤ የእርስዎን እልልታ ከሌላው ለይቼ የማውቀው መሰለኝ።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከብዶኝ ሰነበተ። ጠርሙሱ በደህና ደርሷል። ውሃውን አትንነን፣ የቀረውን አቃጥለን፣ የሚወጣውን ጋዝ ለካን። በጥልቅ ውሃ ሊገኝ የማይገባው ብዙ ካርቦን ተገኘበት። ረግረግ እንኳ ያን ያህል የለውም። ስህተት ነው ብዬ ደገምሁት፤ ያው ሆነ። ፕሮፌሰሬም አይቶ «ከላይ ክፉኛ ይገባበታል» አለ።

ለሐዲስ የሥራ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ክፍት ከተተወ ቆሻሻውን ወደ ጥልቁ ውሃ ያወርዳልና መደፈን አለበት። ለትምህርቴም በዚሁ ላይ አንድ ምዕራፍ ጽፌያለሁ፤ ብጽፈውም ደስ አላለኝ። ለታየች እንዴት እንደሚነግሩልኝ አላውቅም። የመንደሩ ሰዎች ቢረግሙኝም እውነታቸውን ነው።

ልጅዎ ስማቸው


ጎንደር ቁስቋም፣ የካቲት 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለስማቸው።

ሰላምታውን በኋላ እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ልቆጣህ።

ኧረ ጉድ ነው! ያን የመሰለ ውሃ ረግረግ አልኸው? ዓይኔ እያየ ከድንጋይ ሆድ የወጣውን? ለታየች ነገርኋት። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ በተሻለኝ። «እንግዲህ ለእኔ ተብሎ አልተቆፈረም» አለችና እንስራዋን ይዛ ወጣች። የዚያን ዕለት እህል በአፌ አልዞረም።

ቆሻሻ ተገኘ ትላለህ። ከየት? ንገረኝ እስቲ ከየት! ከጠርሙሱ ነው እንዳትለኝ። አንተ ታጥቧል ብለህ ብትጽፍም እኔ የፈረንጅ እጥበት አላምንም፤ ማን እንደጠጣበት፣ አረቄ ይሁን የአሳማ ስብ ምን እንደነበረበት በምን አውቃለሁ? በግራዋ ቅጠል ውስጡን ደህና አድርጌ አሸሁት፤ አለቀለቅሁት፤ ከዚያ ወይራ አጭሼ አፉን ደፍቼ አጠንሁት። መስታወት ነውና እንዳይሰነጠቅብኝ ከፍሙ ራቅ አድርጌ ያዝሁት፤ ጭሱ ውስጡ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪተኛ ድረስ። ሲበርድ ደግሜ አጠንሁት። ለጳጳስ የሚቀርብ ጠላ እንኳ እንደዚያ ያለ ዕቃ አላገኘም! ታየች ራሷ «እትዬ፣ ለፈረንጅ ይህን ያህል?» ብላ ስቃብኝ ነበር። እና ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆሻሻ አገኘሁ ትለኛለህ?

ሐዲስ አዲስ አበባ ተጠርቶ ሄዷል። ሲሚንቶው ከፋሲካ በኋላ በማኪና ይመጣል አሉ። መንደሩ ጉድጓዱን ቀብሮ ሊያለቅስ ነው።

ተቀይሜሃለሁ። ቢሆንም ብርዱ እንዳይመታህ ደርበህ ልበስ።

ጥሩነሽ


ሃይደልበርግ፣ የካቲት 29 ቀን 1962 ዓ.ም.

እትዬ! እትዬዋ!

ደብዳቤዎን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሳቅሁ፣ ቀጥሎም አለቀስሁ፤ አብሮኝ የሚሠራው ጀርመናዊ «ሐኪም ልጥራልህ?» አለኝ።

ጭሱ ነው እትዬ። ጭስ የተቃጠለ እንጨት ነው፤ ካርቦን ማለት እሱው ነው። በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆይቶ ውሃው ሲገባ ሟሟበት። የለካሁት የምድሩን ውሃ አይደለም፤ የእርስዎን ወይራ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ጠርሙሱን የከፈትሁ ዕለት የእርስዎ ቤት ሸተተኝ። በሩን ከፍቼ የገባሁ ያህል ሸተተኝ። ናፍቆት ነው ብዬ ክዳኑን በእጄ ይዤ ቆምሁና፣ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርሁ። ሞኝ ነኝ! አፍንጫዬ እውነቱን ሲነግረኝ እኔ ትዝታ ነው ብዬ አሳለፍሁት።

እንዳያዝኑብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእርስዎ እጅ አድጌ፣ ሳይታጠን ዕቃ እንደማይሞላ እያወቅሁ፣ ያን ረስቼ «ታጥቧል» ብቻ ብዬ ላክሁ። ሐዲስም ያየው እርስዎ የያዙትን ጠርሙስ ነው፤ ምን ያውቃል?

አሁን ግን እንቸኩል። ለሐዲስ አዲስ አበባ ጽፌያለሁ፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ጠርሙስ ይመጣል። በብረት ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ነው የጸዳው፤ አፉ በብርማ ወረቀት ተሸፍኗል። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እንዳያጥቡት፣ እንዳያጥኑት። በነጠላዎ ጫፍ እንኳ አይጥረጉት። ጠበል የሚረጭ ቄስ ቢመጣ ይሸሽጉት። ቧንቧው ውስጥ የቆየው ውሃ እንዲወጣ ፓምፑ ከጠዋት እስከ ቀትር ይፍሰስ፤ ከዚያ ሐዲስ ራሱ ሞልቶ ወዲያው ይዝጋው። ከሁሉ በፊት ግን ሲሚንቶው እንዳይፈስ። አንዴ ከፈሰሰ ጉድጓዱን የሚመልሰው የለም።

የሚወድዎ ስማቸው


ሃይደልበርግ፣ ግንቦት 6 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩነሽ።

ፋሲካ አለፈ፤ ከእርስዎ ቃል የለም። ፖስታ አመላላሹን በደረጃ ላይ እየጠበቅሁ መሳቂያ ሆኛለሁ። ታመሙ? ወይስ ያን ሁሉ ድካምዎን አፈር አለበሰው ብለው ተቀየሙኝ? ጉድጓዱ ተደፍኖም ከሆነ ይንገሩኝ። ክፉም ቢሆን የእርስዎን ጽሕፈት ልይ። ጠርሙሱም ነገሩም ይቅር፤ እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑልኝ።

ስማቸው


ጎንደር ቁስቋም፣ ግንቦት 22 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለአንጀቴ፣ ለስማቸው።

አለሁ! ምነው እንዲህ ሆድህ ባባ? ሁለቱም ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ የኋለኛውን ትናንት ከታየች አገር ስመለስ ከጎረቤት አገኘሁት። ዝም ያልሁት ከነበርሁበት ፖስታ ቤት ስለሌለ ነው። መቀየሙንስ ተቀይሜ ነበር፤ በአንተ ሳይሆን በራሴ። የመጀመሪያውን ያነበብሁት በሕማማት ነው። ዓይኔ ጨለመ። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃዬ ንጹሕ ነው ብዬ የኮራሁበት እጄ የእህቴን ውሃ ሊያስደፍን! ስግደቱን ሁሉ በዕንባ ሰገድሁ።

ከዚያ ግን ለራሴ «ማልቀሱን ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ትደርሺበታለሽ» አልሁ። ፋሲካን እንደፈታሁ ብቅልና ጌሾዬን ጭኜ፣ ጠርሙስህን እንደ ሕፃን ታቅፌ አይከል ወረድሁ። ማኪናው ላይ አንዷ «ምንድን ነው ያቀፍሽው?» ብትለኝ «የልጄ ዲፕሎማ ነው» አልኋት።

ስደርስ ሲሚንቶው ቀድሞኛል! ከረጢቱ ተደርድሯል፣ አሸዋው ተከምሯል። ሐዲስ የለም። የሠራተኞቹ አለቃ አያ አለኸኝ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ወረቀት ያምናሉ። «ድፈን የሚል ወረቀት አለኝ፤ አትድፈን የሚል አለሽ?» አሉኝ። የአንተን ደብዳቤ አወጣሁ። አገላብጠው አዩና «ማኅተም የለውም» አሉ። «አያ፣ ያም ወረቀት የልጄ ነው፣ ይኼም የልጄ ነው፤ ያኛውን አምነው ይኼን የሚክዱት ምነው?» ብላቸው «ያኛው ማኅተም አለው» አሉ።

ምን ላድርግ? ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ክዳን ሰፊ ነው። ወጥቼ ተቀመጥሁበት። «ስታፈስሱ ከነጥሩነሽ ነው የምትደፍኑት፤ ለቁስቋም ካህናት ፍትሐቱን እናንተ ትከፍላላችሁ» አልሁ። ታየች አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ በተቀመጠች ጊዜ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን እንደያዙ መጡ። አያ አለኸኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ፤ ሴት ጎትቶ የሚያነሣ ወንድ አላገኙም።

ከዚያማ እንዲህ ሆነ። ጠላዬን ታየች ቤት ጠመቅሁ። ሲደርስ ሠራተኞቹን ጠራሁ። የበረሃ ሰዎች ናቸው፤ ከፋሲካ ወዲህ ወግ ያለው ጠላ አልቀመሱም። አንዱ «ነገ ይደፈናል» ሲል ሌላው «ነገማ የማርያም ናት» ይላል። እንዲህ እያልሁ የግንቦት ልደታን አሳለፍኋቸው። አያ አለኸኝም በመጨረሻ «እኔ መቼም ወረቀት አከብራለሁ እንጂ ጉድጓድ አልጠላም፤ ሐዲስ ይምጣና ይፍረድ» አሉ።

ሐዲስ መጣ። ደብዳቤህ አዲስ አበባ ደርሶት ኖሯል። ክዳኑ ላይ ተቀምጬ ቢያየኝ እንደ ልጅነቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቀጥሎም ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ፓምፑን ከጠዋት ጀምሮ ለቀቀው። ያን ሁሉ ውሃ መሬት ሲጠጣው ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን ታቅፈው ያያሉ። ታየች እግሯን ብቻ ነከረችበት።

ጠርሙሱ ሲከፈት የሆንሁትን ምን ልንገርህ! በብርማው ወረቀት ላይ አቧራ አየሁ። እጄ ሊጠርገው ተነሣ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። ያቺ ታየች ደግሞ በጆሮዬ «እትዬ፣ እንዲህ ጥሬውን?» ትለኛለች፤ ልቆነጥጣት ምንም አልቀረኝ። ሐዲስ ሞላው፣ ዘጋው፤ እኔ አልነካሁትም። እነሆ ዛሬ ፖስታ ቤት ሰጠሁት።

ሲሚንቶው አሁንም እዚያው ተደርድሯል። ሐዲስ «ስማቸው አሁንም ቆሻሻ ነው ካለ እደፍናለሁ፤ ያን ጊዜ እርስዎም ይነሣሉ» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ፤ ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ። ታየችን የሚያሳምም ውሃ አልፈልግም።

እናትህ ጥሩነሽ


ሃይደልበርግ፣ ሰኔ 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩነሽ፣ ለጉድጓዱ ዘበኛ።

እልል ይበሉ!

ምንም የለበትም። የለካነው ካርቦን ከመሣሪያችን ዓይን ሊሰወር ትንሽ ነው የቀረው። ፕሮፌሰሬ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ የወንዝ ውሃ አስለካኝ፤ መሣሪያው ደህና ነው። ከዚያው ጠርሙስ ሌላ ውሃ ቀድተን ደገምነው፤ ያው ነው። ያ ውሃ ከእኛ ጎርፍ፣ ከእኛ ከብት፣ ከእኛ ክረምት ጋር አይተዋወቅም። ስንቁን ጨርሶ ከዓለት ሥር ብቻውን ሲኖር የቆየ ጾመኛ ነው። የሆድ ሕመሙን ከወንዙ ይፈልጉት፤ ይህንንም ለሐዲስ ጽፌያለሁ። ለአያ አለኸኝ ስል ማኅተሙን ደግሜ አስመትቼበታለሁ።

አልዋሸሁም፤ ምስክሬ ይኸውልዎ። የመጀመሪያው ልኬት የተሳሳተ መሆኑን በመምህራኑ ፊት ቆሜ ተናገርሁ። ስለ ወይራው ስነግራቸው ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምዕራፉ ግን ወደቀ። እንደገና ልጽፈው ነውና መመለሴ በአንድ ዓመት ይገፋል። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔም ልቤ ቅር ብሎታል። ግን ታየች ትቅዳ።

ናፍቆትዎ የበረታበት ስማቸው


ከአይከል ወዲያ፣ ከታየች ቤት፣ መስከረም 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለስማቸው፣ ዘመኑን የብርሃን ያድርግልህ።

ደብዳቤህ ሐምሌ ላይ ደርሶኛል፤ ግን ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ሐዲስ እስከ ጳጉሜን ሊገባ አልቻለም። እስኪመጣ ድረስ ሰው ሁሉ «ዛሬ ነው፣ ነገ ነው» ሲል ከረመ። ለዘመን መለወጫ ዋዜማ መጣ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሰዎችም ይዞ መጣ፤ ፓምፑም ተከፈተ። ሲሚንቶውን ሴቶቹ ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱት፤ በእሱ ከብቱ የሚጠጣበት ገንዳ ተሠራ፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ። አያ አለኸኝ ያንተን ወረቀት ለሰው ሁሉ እያሳዩ «ማኅተሙን እዩት» ይላሉ፤ የመጀመሪያውን የውሃ ጽዋ ለእሳቸው ሰጠናቸው።

አንድ ዓመት ጨመርሁ ያልኸውን አንብቤ አልቅሻለሁ፤ አልዋሽህም። ደጃፍ ላይ ሆኜ መንገድ የማይበት ቀን በዛብኝ፣ ስሜ። አርጅቻለሁ። ቢሆንም በሰው ፊት ቆመህ ተሳስቻለሁ ያልኸውን ሳስበው ደረቴ ይሞላል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች ሴት አንድ ዓመት መጠበቅ አያቅታትም። ተማር። ግን ከዓመት በላይ ካልህ መጥቼ በራስህ ላይ እቀመጥልሃለሁ፤ መቀመጥ እንደምችል ሰምተሃል።

አሁን የዛሬውን ልንገርህና ላብቃ። ሲነጋ ነቃሁ። የታየች መኝታ እንደተሸፈነ ነው። ፀሐይዋ ወጣች፣ በደጅ ገባች፣ እግሯ ሥር ደረሰች፤ ታየች አልተነሣችም። ከተወለደች ጀምሮ ተኝታ ሳለች ፀሐይ አግኝታት አታውቅም። ደነገጥሁ። ሮጬ ግንባሯን ያዝሁ። «ምነው ታየች፣ አመመሽ?» አልኋት። ዓይኗን ሳትገልጥ «አላመመኝም፣ እትዬ» አለችኝ፤ «የምሄድበት የለኝም።»

ጥሩነሽ